የመኪናዎ እግር ምን ዓይነት ነው? ሰስፔንሽንን ለይቶ የማወቅ፣ የመመርመርና የመምረጥ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ጠዋት አንድ አባት ቪትዝ መኪናቸውን ይዘው ወደምሠራበት ጋራዥ መጡ። የፊት ሁለቱን ሾክ አብዞርበሮች ሌላ ቦታ አስቀይረው ሳምንት አልሞላቸውም። «ልጄ፣ ገንዘቤን ከፍያለሁ፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። ኮብልስቶን ላይ ስገባ ቋ፣ ቋ ይላል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ምንም ሳንፈታ መጀመሪያ እንየው» አልኳቸውና መሪውን ወደ ግራ ጥግ አዙሬ እጄን በቀኙ ጎማ ጀርባ አስገባሁ። እዚያ ከስታቢላይዘሩ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል ከሚይዘው) ዘንግ ወደ ሾክ አብዞርበሩ የምትዘረጋ፣ ከስንዝር ትንሽ የምትረዝም ቀጭን ብረት አለች። በሁለቱም ጫፎቿ ትንንሽ ኳሶች አሏት። ጨብጬ ስነቀንቃት ያ ድምፅ መዳፌ ውስጥ ተሰማኝ። ያለቀችው እሷ ነበረች፤ ዋጋዋም ከአንድ ሾክ አብዞርበር ዋጋ ጋር የሚቀራረብ አይደለም።

እንዲህ ያለ ወጪ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ሰው የመኪናውን ቀለምና የሞተሩን ጉልበት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘውን ነገር ግን ጎንበስ ብሎ አይቶት አያውቅም። «የትኛው ሰስፔንሽን ይበልጣል?» ብለው ለሚጠይቁኝ ሁሉ ጥያቄያቸውን በሌላ ጥያቄ እመልሳለሁ፦ ምን ይጭናሉ? በምን መንገድስ ይሄዳሉ? እያንዳንዱ ዓይነት የተሠራበት ሥራ አለው። በተሠራበት ሥራ ላይ ከዋለ ጥሩ ነው፤ ያለ ሥራው ከዋለ ባለቤቱን ያስለቅሳል።

በመጀመሪያ፦ ሦስቱን ሥራዎች ይለዩ

ሰስፔንሽን ሦስት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው መሸከም ሲሆን ይህ የሞላ (የተጠመጠመ ብረት) ወይም የባሌስትራ (የተደራረቡ የብረት ሳንቃዎች) ሥራ ነው። ሁለተኛው ንዝረትን ማብረድ ነው፤ ይህ የሾክ አብዞርበር ድርሻ ነው። ሦስተኛው ጎማውን በትክክለኛ ቦታውና አቅጣጫው መያዝ ነው፤ ይህንን ክንዶች፣ ቴስቲና የምንላቸው የኳስ መጋጠሚያዎችና ጎሚኒ የምንላቸው የላስቲክ መቀመጫዎች ይሠሩታል።

ብዙ ሰው መኪናው ዝቅ ሲል «ሾክ አብዞርበሩ ሞተ» ይላል። በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ግን ክብደቱን የሚሸከመው ሾክ አብዞርበሩ ስላልሆነ፣ መኪና ዝቅ ካለ የደከመው ሞላው ነው። ሾክ አብዞርበር በውስጡ ዘይት አለው፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ያልፋል፤ የመንገጫገጩ ጉልበትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን በእጅዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ፒስታ መንገድ ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል ከነዱ በኋላ ይቁሙና አራቱንም ሾክ አብዞርበሮች በጥንቃቄ ነካ ነካ ያድርጓቸው። የሚሠራው ሞቅ ይላል። ጓደኛው ሞቆ እሱ ብቻ ቀዝቃዛ ከሆነ ሥራውን አቁሟል ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ጎንበስ ብለው ዓይነቱን ይለዩ

የሚያስፈልግዎ የእጅ ባትሪ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ካርቶንና ሜትር ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ይወትፉ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር በፍጹም አይግቡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ከስር ጠንካራ መቆሚያ ሳያደርጉ አንገትዎን እንኳ አያስገቡ።

ከፊት ይጀምሩ። ኮፈኑን ሲከፍቱ በግራና በቀኝ፣ ከፓራፋንጎው አጠገብ፣ ክብ ጉብታ ላይ የታሰሩ ብሎኖች ካዩ፣ ከስርም ሞላ የተጠመጠመበት ቀጥ ያለ ሾክ አብዞርበርና አንድ የታችኛው ክንድ ብቻ ካለ ይህ ማክፈርሰን ነው። ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው ፎርድ ኮንሰል ላይ ተገጥሞ በብዛት ተመርቷል። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሱዙኪ ዲዛየር፣ አሁን ከተማውን የሞላው ኤሌክትሪክ አይዲ 4 ሳይቀር ፊታቸው በዚህ ላይ ይቆማል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ቦታ አይፈጅም፣ ሞተር በወርዱ እንዲቀመጥ ያስችላል፣ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ጥገናው ርካሽ ነው። ድክመቱ ሾክ አብዞርበሩ ንዝረት ማብረድ ብቻ ሳይሆን ጎማውን ቀጥ አድርጎ መያዝም ስላለበት የጎን ግፊት ያደክመዋል። ላይኛው መቀመጫው ሲያረጅም መኪናው ቆሞ መሪ ሲያዞሩ ኮፈኑ ስር ይንቋቋል።

ሁለት ክንዶች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ጎማውን እንደ ሁለት ጣት ይዘውት ካዩ ደብል ዊሽቦን ነው። የድሮዋ ላዳ ታክሲ ፊቷ እንዲህ ነበር። ፕራዶና እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ያለው ሃይሉክስም እንዲሁ። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ አቋሙ እንዳይዛባ የሚጠብቅ፣ ጉልበት የሚችል አሠራር ነው። ዋጋው ግን አራት ቴስቲናና በርካታ ጎሚኒ መጠበቅ ነው። አንዳንዶቹ ሞላ የላቸውም፤ በምትኩ ከክንዱ ተነስቶ ከሻሲው ጎን ወደ ኋላ የሚዘልቅ ረጅም የብረት ዘንግ፣ ቶርሽን ባር፣ እየተጠማዘዘ ይሸከማል። የሕዝብ ማመላለሻው ሃይስ ሚኒባስ ፊቱ በዚህ ነው የቆመው።

ስለ ቶርሽን ባር አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሚኒባስ ሲጎዳ አይቻለሁና። በዘንጉ ጫፍ ከፍታ ማስተካከያ ብሎን አለ። እሱን ማጥበቅ መኪናውን ያነሳል እንጂ ዘንጉን አያጠነክረውም። ያለ ልክ ሲጠብቅ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቃል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ክንዱ ከመቆሚያው ላስቲክ ጋር ይጋጫል፤ ተሳፋሪው ወገቡን ይይዛል፤ ሾፌሩም «ሾክ አብዞርበር ልግዛ» ይላል። መድኃኒቱ ብሎኑን ወደ ትክክለኛው ከፍታ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ይዙሩ። እዚህ ነው ልዩነቱ ሰፊ የሚሆነው።

ባሌስትራ ካዩ እንኳን አይስቱትም፦ ተደራርበው የታሰሩ፣ እንደ ቀስት የተቆለመሙ የብረት ሳንቃዎች። አይሱዙ የጭነት መኪና ከፊትም ከኋላም፣ ሃይሉክስና ሃይስ ከኋላ ባሌስትራ ናቸው። የላንድክሩዘር 70 ፊት እ.ኤ.አ. እስከ 1999 ባሌስትራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱ ሞላ ሆኖ ጀርባው በባሌስትራ ቀርቷል። ባሌስትራን የማከብረው ሦስቱንም ሥራዎች ብቻውን ስለሚሞክር ነው። ይሸከማል፤ አክስሉን በቦታው ይይዛል፤ ሳንቃዎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉም ንዝረቱን በመጠኑ ያበርዳሉ። በየትኛውም የገጠር ከተማ አንጥረኛ የሚያውቀው፣ ቢሰበር አስሮ ቤት የሚያደርስ ነገር ነው። ባዶውን ሲሄድ ግን ይዘላል፤ ምክንያቱም የተቀረጸው ለጭነት ነው። አዲስ የገዙት ፒክአፕ «ጀርባው ደረቀብኝ» ካሉ ምናልባት ምንም አልተበላሸም፤ ጭነቱን እየጠበቀ ነው።

ባሌስትራ ሲመረምሩ ጎን ለጎን ቆመው ቀስቱን ያነጻጽሩ። አንዱ ከሌላው ይበልጥ ከተዘረጋ ደክሟል። ቀጥሎ በባትሪ ብርሃን እያንዳንዱን ሳንቃ ይከተሉ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ጠርዝ ላይ እንደ ቀጭን የዝገት መስመር ይታያል። ሳንቃዎቹን መሃል ላይ ሰፍቶ የሚይዘው ብሎን ከተቆረጠ አክስሉ በዚያ ወገን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ ጀርባው ወደ ጎን ያዘነበለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች በተፈቱ ቁጥር፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።

«ሳንቃ እንጨምርበት» የሚለው ምክርም አለ። ቋሚ ጭነት ካለዎት፣ ለምሳሌ ፒክአፑ ላይ ዘወትር የውኃ ታንከር ካለ፣ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሳንቃ መጨመር ሻሲውን፣ ፍሬኑን፣ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታና ጎማውን አያጠነክርም። መኪናው ሳይጎብጥ ሲቆም ጭነቱ የተቻለ ይመስላል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ግን ክብደቱ ያው ነው። የአባይ በረሃን ቁልቁለት የወረደ ሾፌር ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

ዲፈረንሻል ያለው ድፍን አክስል በሞላ ላይ ከተቀመጠና በረጃጅም ክንዶች ከሻሲው ጋር ከተያያዘ ሌላ ዓይነት ነው። ላንድክሩዘር 80 በአራቱም ጎማ፣ ፕራዶ ከኋላ እንዲህ ናቸው። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ መኪና የነበረችው ዲኤክስም ጀርባዋ በሞላ ላይ የቆመ ድፍን አክስል ነበር። የአክስሉ ጥንካሬ አለ፤ የሞላው ልስላሴ ደግሞ ተጨምሮበታል። በድንጋያማ መንገድ አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላው ወደ መሬት ይጫናል፤ የዲፈረንሻሉ ከፍታም ከመሬት አይቀንስም። ለገጠር ሥራ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። በከተማ አስፋልት ላይ ግን የአንዱ ጎማ ጉድጓድ ለሌላውም ይተርፋል፤ ከባዱ አክስል ሲንቀጠቀጥ አካሉ ይሰማዋል።

በትንንሽ መኪናዎች ጀርባ የሚያዩት፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ምሰሶ ቶርሽን ቢም ይባላል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1974 ጎልፍ ላይ ካዋለው ወዲህ የትንሽ መኪና መደበኛ ጀርባ ሆኗል። ቪትዝ፣ ዲዛየር፣ ብዙዎቹ ኮሮላዎች በዚህ ይሄዳሉ። ሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች ብቻ አሉት፤ ለዓመታት ዝም ብሎ ይሠራል፤ የሻንጣ ቦታም ያሰፋል። ጠላቱ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ነው። ጎማው በኃይል ከተጋጨና ምሰሶው ከተጣመመ የሚስተካከል ብሎን የለውም፤ ይቀየራል።

ከእያንዳንዱ ጎማ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ክንድ ወደ መሃል ሲዘረጋ ካዩ መልቲሊንክ ነው። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1982 በ190 ሞዴሉ ላይ ባለ አምስት ክንዱን ጀርባ አስተዋወቀ። እያንዳንዱ ክንድ አንድን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሚቆጣጠር ምቾትንና መንገድ መያዝን አንድ ላይ ይሰጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን ስለከለከለች፣ ቀጣዩ መኪናዎ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላልና ይህን ዓይነት መልመድ ግድ ነው። ቪትዝ ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ስትመዝን አይዲ 4 ከ2,000 ኪሎ ግራም ያልፋል። ያ ሁሉ ክብደት በጎሚኒና በጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ጎማ ሲቀይሩ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ጎኑ ላይ የተጻፈውን የመሸከም ደረጃ ይመልከቱ፤ ከፋብሪካው ያነሰ በጭራሽ አይግጠሙ። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ደግሞ የእግሩ ድምፅ ቶሎ ይሰማል። ይህ ጥሩ ነው፤ ችግሩን ሲጀምር ይይዙታል።

የአየር ሰስፔንሽን በትልልቅ አውቶቡሶችና በውድ መኪናዎች ላይ ይገኛል። በሞላ ፈንታ የጎማ ከረጢት አለ፤ አየሩ በጭነቱ ልክ ስለሚስተካከል መኪናው ሁልጊዜ ደልዳላ ነው። ያገለገለ ሊገዙ ከሆነ ማታ ከፍታውን ለክተው ጠዋት እንደገና ይለኩ። ዝቅ ብሎ ካደረ አየር ያስወጣል፤ መጭመቂያው ፓምፕም በከንቱ ሲደክም ከርሟል።

ሦስተኛ፦ ምርመራው

ጎማውን በመዳፍዎ ይዳስሱ። ወለሉ ላይ እንደ ማዕበል ጎርበጥ ጎርበጥ ካለ ሾክ አብዞርበሩ ጎማውን መሬት ላይ መያዝ አቅቶታል። የውስጥ ጠርዙ ብቻ ከተበላ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫና አቋም ልክ) ተዛብቷል ወይም የክንዱ ጎሚኒ አልቋል። ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ ጥፋቱ የሰስፔንሽን አይደለም፤ አየሩ አንሶ ነው።

ሾክ አብዞርበሩን በባትሪ ይመልከቱ። ስስ የእርጥበት ጥላ አያሳስብም። አቧራ የያዘ ጥቁር ዘይት ከላይ ወደ ታች ከወረደበት ግን አልቋል። ቀጥሎ የመኪናውን ጥግ በክብደትዎ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭነው ይልቀቁት፤ አንዴ ተነስቶ መርጋት አለበት። ይህ ሙከራ ፈጽሞ የሞተውን ብቻ እንደሚያጋልጥ ይወቁ፤ ግማሽ የደከመው ያልፈዋል።

ከፍታውን ከመሬት ሳይሆን ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለኩ፤ ያን ጊዜ የጎማ አየር ልኬቱን አያሳስተውም። ግራና ቀኝ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ከተለያዩ ምክንያቱን ይፈልጉ።

ከዚያ ጎማውን ከመሬት አንስተው፣ መቆሚያ አድርገው ይነቅንቁት። አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች ይዘው ሲገፉት ከተንቀሳቀሰ ቴስቲና ወይም ኩሽኔታ ነው። ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ያድርጉ። መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው፣ ካልጠፋ ቴስቲናው ነው። በግራና በቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ብቻ ከተሰማ የመሪውን ጫፎች ይጠርጥሩ። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ማክፈርሰን ላይ መኪናውን ከአካሉ ቢያነሱት ቴስቲናው ነጻ ስለሚሆን እውነቱን ይናገራል። ሞላው የታችኛው ክንድ ላይ በተቀመጠበት ደብል ዊሽቦን ግን ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ቴስቲናውን ወጥሮ ስለሚይዘው ያለቀውም ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ክሪኩን በታችኛው ክንድ ስር፣ ከጎማው አጠገብ አስገብተው ያንሱት።

በመጨረሻም ሬዲዮውን አጥፍተው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮብልስቶን ላይ ይንዱ። ፈጣንና ቀጭን ኳኳታ መጀመሪያ ላይ ያየናት የስታቢላይዘሩ ማገናኛ ብረት ነው። ወፍራም፣ ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚሰማ ምት የክንድ ጎሚኒ ወይም ቴስቲና ነው። እንደ አሮጌ በር ሲጥጥ የሚለው የደረቀ ጎሚኒ ነው።

አራተኛ፦ ከፍ ማድረግ የፈለጉ እንደሆነ

የአዲስ አበባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎችና የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ሆዱን የፋቁት ሰው መኪናውን ማንሳት ቢፈልግ አልፈርድበትም። ማክፈርሰን ላይ የሚደረገው ከላይኛው መቀመጫ ስር ማንሻ መጨመር ነው። በዚህ ጊዜ የታችኛው ክንድ ወደ ታች ያጋድላል፤ ጉልበት አስተላላፊው ሰሚያሲ ይቆለመማል፤ የቅባት መያዣ ጎማውም ቶሎ ይቀደዳል። እኔ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲሜትር በላይ አልመክርም። ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ይሁን፤ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ግን እምቢ ይበሉ፤ ስለሚጨፈለቅ ብሎኑ ይላላል። ከፍታው ተጨምሮ አላይመንት ካልተሠራ አዲሱ ጎማ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠርዙን ይጨርሳል።

አምስተኛ፦ ጥገና ላይ ቆመው የሚያዩት

ሾክ አብዞርበርና ሞላ በጥንድ ይቀየራሉ፤ የግራው ከተቀየረ የቀኙም። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ድንገት ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። የማክፈርሰንን ሞላ ያለ ትክክለኛ መጭመቂያ ማንም እንዲፈታ አይፍቀዱ፤ በሽቦና በገመድ አስሮ የሚፈታ ሰው ካዩ መኪናዎን ይውሰዱና ይሂዱ። የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል።

አዲስ ጎሚኒ ወይም ክንድ ከተገጠመ መካኒኩ ብሎኖቹን መጨረሻ የሚያጠብቃቸው መኪናው በጎማው ሲቆም እንዲሆን ይጠይቁት። ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፤ ዓመታት መቆየት የሚችለው በወራት ይቀደዳል። አምስት ደቂቃ የማትሞላ ሥራ ናት፤ የምትዘለለው ግን ሁልጊዜ እሷ ናት።

አላይመንት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ያለቀ ቴስቲና ላይ የተሠራ አላይመንት ከጋራዡ በር ሲወጣ ይዛባል። ማሽኑ የሚያወጣውን ወረቀት ተቀብለው ከሥራው በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ያስተያዩ። ጀርባው ቶርሽን ቢም ሆኖ የኋላው ቁጥር ከልክ ውጪ ከወጣ ባለሙያው የሚያዞረው ብሎን የለምና አይጫኑት፤ ወደ መኪናው ስር ተመልሰው ያንን ምሰሶና ሁለቱን ጎሚኒዎች በባትሪ ይዩ።